የንጉሥ ዘር ያልሆነ ማን አለ?

አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሰው ትሞላለች። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣ ገበሬ እህሉን ወይም በጉን ይሸጣል፣ ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። በንጉሡ ዘመን ግን በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም የገበያ ቀን አንድ ተጨማሪ ሥራ ነበረው። ሙግት ያለበት ሰው ምስክሩን የሚያገኘው፣ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ የሚያፈላልገው፣ ስለ መሬቱ የሚማከረው ሰው በተሰበሰበበት በዚያ ቀን ነበር።

የመሬት ሙግት ቋንቋው የዘር ቆጠራ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፤ እገሊት የእኔን አያት ወለደች። ቆጠራው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስሞቹ እየገዘፉ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ተራ አራሽ ይጠራል፣ ከዚያ ጭቃ ሹም፣ ከዚያ ደጃዝማች፤ መጨረሻ ላይ አገሩን ከንጉሥ እጅ የተቀበለ፣ አንዳንዴም ራሱ የንጉሥ ልጅ ነበር የሚባል አቅኚ አባት ይመጣል። ይህን የሚቆጥረው ሰው በባዶ እግሩ የመጣ፣ ጋቢው የተጣፈ፣ ጥንድ በሬ እንኳ ያልሞላለት ሊሆን ይችላል። ከአፉ የሚወጣው ሐረግ ግን የቤተ መንግሥት ሐረግ ነው።

ይህ ሰው ዘውድ አልጠየቀም። የጠየቀው ሁለት ጥማድ መሬት ነው።

ዛሬ የነገሥታት ዘርነት በየመድረኩ የክብርና የፉክክር ወሬ ሲሆን፣ የእነዚያ ተሟጋቾች ቆጠራ አንድ የተረሳ ነገር ያስታውሳል። የንጉሥ ዘር መሆን በዚህ አገር ብርቅ ነገር አልነበረም። ብርቅ የነበረው መንገዱን ማወቅና የሚመሰክር ዘመድ ማግኘት ነበር።

*ባላባት፦ ባለ አባት*

በበጌምድርና በጎጃም መሬት በአብዛኛው የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት ከአንድ የጥንት አባት በመወለድ የሚገኝ የድርሻ መብት ነው። ያ አባት አገሩን ያቀና ወይም ከንጉሥ የተቀበለ ነው ተብሎ ይታመናል። የእርሱ ተወላጅ የሆነ ሁሉ ከዚያ መሬት ድርሻ መጠየቅ ይችላል፤ ወንድም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን።

ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የርስት መብት በአባት ብቻ አይተላለፍም። በእናት፣ በአባት እናት፣ በእናት እናት፣ ወደ ላይ በየትኛውም በኩል ይተላለፋል። አንዲት ሴት አግብታ ወደ ሌላ አገር ብትሄድ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቿ ተመልሰው "የእናታችን ድርሻ ይሰጠን" ማለት ይችሉ ነበር። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው አባባል የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

"ባላባት" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ባለ አባት ማለት ነው፤ የሚቆጥረው አባት ያለው ሰው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ባለ ብዙ ጋሻ መሬት ጌታ ነው። በሥሩ ግን አባቱን ቆጥሮ መሬት ላይ የሚያደርስ ማንም ሰው ባለ አባት ነው።

ይህ ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር በዝርዝር ካጠኑት አንዱ አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከዓባይ ማዶ በደጋ ዳሞት ከገበሬዎች ጋር ኖሮ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ አገሩን ያቀናው የመጀመሪያው ሰው ዋና አባት ይባላል። መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ልጅ ምንዝር አባት ይሆናል። ብር ወደ ሳንቲም እንደሚመነዘር ማለት ነው፤ ትልቁ አባት በልጆቹ ይመነዘራል። ከዚያ በታች ያለው ገበሬ "እኔ የዚህኛው ምንዝር ነኝ" ብሎ ድርሻውን ይጠይቃል።

ሆበን ያስተዋለው አንድ ቁም ነገር አለ። አንድ ገበሬ በቆጠራ የሚደርስባቸው ዋና አባቶች ብዙ ናቸው፤ መሬት የሚይዘው ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በሁሉም በኩል መብት ካለው፣ መሬቱን የሚያገኘው ደሙ የጠራው ሰው ሊሆን አይችልም። የሚያገኘው ቆጠራውን የሚያውቅ፣ ምስክር የሚያቆም፣ ሽማግሌ የሚያከብረው፣ ዳኛ የሚሰማው፣ በአካባቢው ኖሮ ዘመድነቱን ያጸና ሰው ነው። ለዚህ ነው ዘር ቆጠራ እንደ ገንዘብ ተደብቆ ይያዝ የነበረው። ቆጠራውን ለማንም የሚዘከዝክ አባት ለልጆቹ ተቀናቃኝ እየጠራ ነበር።

*254 ሰዎች*

ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ከንጉሥ ዘር ሊሆን ቻለ? ውሸት ነው እንዳይባል፣ አንዳንዱ በእርግጥ ተፈጥሮ የተጨመረ ሐረግ ነው። ለመሬት ሲባል አያት የቀየረ፣ አክስት የፈጠረ አይጠፋም። ነገር ግን ውሸቱን ሁሉ ብንቀንስ እንኳ ሒሳቡ ራሱ ወደ ቤተ መንግሥት ይወስደናል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ። ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያልን ብንወጣ ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ሰዎች እናገኛለን። ሰባቱን ቤት ስንደምር 254 ሰው ይሆናል። አማርኛ ለሩቅ አያቶች ምንዥላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ የሚሉ ስሞች አሉት። ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ከ254ቱ ስንቱን በስም ይጠራል? አብዛኛው ሰው በአባት በኩል ያሉትን ሰባት ስሞች ይጠራና "ዘሬን አውቃለሁ" ይላል። 247ቱ የት ገቡ?

አሁን ወደ ላይ እንቀጥል። አፄ ፋሲል ጎንደርን የመሠረቱት በ1628 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አንድን ትውልድ 30 ዓመት ብንለው ከዚያ ወዲህ ወደ 13 ትውልድ አልፏል። በ13ኛው ትውልድ ላይ የአንድ ሰው ቅድመ አያቶች ቦታ 8,192 ነው። ወደ አፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ ወደ 1260ዎቹ ዓ.ም. ብንወጣ ደግሞ 25 ትውልድ ይሆናል። ቁጥሩም 33,554,432 ይደርሳል።

በይኩኖ አምላክ ዘመን በዚህ ምድር 33 ሚሊዮን ሰው አልነበረም። ታዲያ ምን ማለት ነው? አንዱ ሰው በብዙ መስመር ደጋግሞ ይቆጠራል ማለት ነው። በአባቴ በኩል አሥር ጊዜ፣ በእናቴ በኩል ሃያ ጊዜ ያው ሰው ይመጣል። የእኔ ሐረግና የጎረቤቴ ሐረግ ወደ ላይ ሲወጡ እንደ ቅርጫት ስፌት ይጠላለፋሉ። በዚያ ዘመን ልጅ ወልዶ ዘሩ እስከ ዛሬ የቀጠለ ሰው፣ ንጉሥም ይሁን እረኛ፣ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች አያት ሆኗል።

የዬል ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆሴፍ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን በቀመር አሳይቷል። ሰዎች እርስ በርስ በነፃነት በሚጋቡበት አንድ ሕዝብ ውስጥ፣ የተወሰነ ትውልድ ወደ ኋላ ከተሄደ በኋላ፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሰዎች እያንዳንዱ ወይ የዛሬው ሰው ሁሉ አያት ነው፣ ወይ ዘሩ ጠፍቷል። በእርግጥ በእውነተኛው ዓለም ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ ጋብቻ የሚከለክል ልማድ አለ። እነዚህ ነገሩን ያዘገዩታል እንጂ አይሽሩትም።

*የለንደኑ ተዋናይና የሌስተሩ ንጉሥ*

ሒሳቡ ለጋይንት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ንጉሥ ባለበት አገር ሁሉ ይሠራል። ዛሬም ንጉሥ ያላት እንግሊዝ ጥሩ ምሳሌ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኒ ዳየር የተባለው የለንደን ተዋናይ የቤተሰቦችን ታሪክ በሚከታተል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። የምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ በታወቀበት ተከታታይ ድራማ ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆኖ ይሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ1377 እስከሞተው እስከ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ድረስ ቆጠሩለት። ሰውየው በድንጋጤ ራሱን ያዘ፤ አገሩም ሳቀ። የዘር ሒሳብ የሚያውቁ ምሁራን ግን የተናገሩት ሌላ ነው። ሥሩ እንግሊዛዊ የሆነ ሰው ከኤድዋርድ ሦስተኛ የማይወለድ ማግኘት ይከብዳል። ዳየርን ከጎረቤቱ የሚለየው መዝገቡ የተገኘለት መሆኑ ነው።

ሌላው ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር አንድ አፅም ተቆፍሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1485 በጦር ሜዳ የወደቀው የንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ አፅም ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ንጉሡ ዘሩ የቀጠለ ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ማረጋገጫው በእህቱ በአን በኩል ተፈለገ። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዘረመል ተከትለው 17 ትውልድ ሲወርዱ ማይክል ኢብሰን የተባለ ሰው ጋ ደረሱ። ካናዳ ተወልዶ ለንደን የሚሠራ የቤት ዕቃ አናጢ ነው። ዘረመሉ ከአፅሙ ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2015 ንጉሡ በክብር ሲቀበር ሣጥኑን የሠራው ይኸው አናጢ ነበር።

በአባት በኩል የተደረገው ምርመራ ግን አልገጠመም። በወንድ ሐረግ የንጉሡ ዘመዶች ናቸው የተባሉት ሰዎች ዘረመል ከአፅሙ የተለየ ሆነ። በመካከል አንድ ቦታ መዝገብ ላይ የተጻፈው አባት እውነተኛው አባት አልነበረም። መኳንንቱ በኩራት የመዘገቡት የአባት ሐረግ ተበጥሶ ሳለ፣ ብዙ ሰው ያልቆጠረው የሴቶች ሐረግ 500 ዓመት ሳይበጠስ ቆየ።

*ዘውዱም እንደ ርስት ተቆጠረ*

ወደ አገራችን ስንመለስ የሴቶቹ ነገር ይበልጥ ይጎላል። ምክንያቱም በመጨረሻዎቹ ዘመናት የኢትዮጵያ ዘውድ ራሱ የተጠየቀው ልክ ገበሬው ርስቱን በሚጠይቅበት መንገድ ነበር።

ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በአባታቸው የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነበሩ። ወደ ጎንደር ነገሥታት የሚያደርሳቸው የእናታቸው ሐረግ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛም ጎንደርን የሚደርሱት በሴት በኩል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ የአባታቸው የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ መሆኑን ደነገገ። የ1948ቱም ደገመው። ያ ሳይቋረጥ መጣ የተባለ ሐረግ ወደ ንጉሡ የደረሰው በአያታቸው፣ በአንዲት ሴት በኩል ነው። ጋይንት ላይ "የአያቴ ድርሻ" ብሎ የሚሟገት ገበሬና አራት ኪሎ ላይ ያለው ዘውድ የተከራከሩት በአንድ ሕግ ነበር።

የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ደግሞ ቆጠራ ከኃይል በኋላም ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል። ቴዎድሮስ ሲነሡ ተቀናቃኞቻቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሡ በኋላ ግን ከሰሎሞን የሚያደርስ ሐረግ ተቆጠረላቸው። ሐረጉ ውሸት ነበር? ሒሳቡን ካየን በኋላ ጥያቄው ራሱ ይቀልላል። ከቋራ የተነሣ ሰው በአንድ በኩል ከጥንት ነገሥታት ባይወለድ ነበር የሚያስገርመው። ዘሩ ከነበረ ቀድሞም ነበር። ያልነበረው ቆጣሪ ነው። ድል ሲመጣ ቆጣሪው አብሮ መጣ።

ነገሥታቱም የዘር መብዛት ምን እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር። ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ገደላማዋ ወህኒ አምባ የተመረጠችው ለዚህ ነው። ለዘውድ የሚበቁ የንጉሥ ልጆችና የልጅ ልጆች እንዳያምፁ እዚያ ይታጎሩ ነበር። ዛሬ እስር ቤትን "ወህኒ ቤት" የምንለው ከዚያች አምባ ተነሥተን ነው። ወንጀለኛ የሚገባበት ቤት ስያሜው የመጣው ከልዑላን ነው። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ የነገሡት እንኳ በስም ብቻ የቀሩ፣ በደብረ ታቦር የተቀመጡት ራሶች የሚሾሙና የሚሽሩአቸው ችግረኞች ሆኑ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች የት ሄዱ? ከበጌምድር ገበሬ ጋር ተጋቡ፣ አረሱ፣ ቀሰሱ፣ ዘር ሆኑ።

*ዘር ያለው፣ ዘመድ ያጣ*

ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የጋይንትን ደጋ አቋርጠው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ በእንግሊዞች ተወሰደ።

በዘር ቆጠራ ከዚህ ልጅ የበለጠ ማን አለ? አባቱ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ እናቱ መንገድ ላይ ሞቱበት። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው አዘኑለት፤ በጥሩ ትምህርት ቤቶችም ተማረ። ነገር ግን በዚያ አገር "የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ፣ የእኛ ነው" የሚለው አንድ ሰው አልነበረም። በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ከተማ ሞተ፤ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ከሚገኘው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 አፅሙ እንዲመለስ ዘመዶቹ ሲጠይቁ፣ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

ዓለማየሁ በሐረጉ ሙሉ ንጉሥ ነበር። በዘመድ ግን ከጋይንቱ ባለ ጣፋ ጋቢ ገበሬ ያነሰ ድሃ ነበር። ገበሬው ቢሟገት፣ ቢሸነፍ፣ ቢዋረድ እንኳ ቆሞ የሚመሰክርለት ሽማግሌ ነበረው።

*ቆጠራው ያላስገባቸው*

ይህን ሥርዓት ስናነሣ ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን ሌላውም ይነገር። የርስት ቆጠራ ለብዙዎች በር ሲከፍት በሌሎች ላይ ይዘጋ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። "ቡዳ" እየተባለ ከጋብቻም ከማዕድም ተገለለ። ሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴ በርስት አገር ኖሮ የርስት ድርሻ የሚያገኘው ከስንት አንድ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ልጆች ደግሞ ሐረጋቸው ወደ ታች ብቻ ተቆጠረ። ለማውረስ ሳይሆን ለማሳፈር፣ "የእገሌ ባሪያ የልጅ ልጅ" ለማለት።

ከላይ ያየነው ሒሳብ ግን ለእነርሱም ያው ነው። የጌታው ልጅ ከገረዷ ወልዷል። የደጃዝማቹ ያልተመዘገበች ልጅ ከአንጥረኛው ጋር ኖራለች። በሸክላ ሠሪዋ ሐረግም ንጉሥ አለ፤ በደጃዝማቹ ሐረግም ሸክላ ሠሪ አለች። አንዱ ተቆጠረ፣ ሌላው አልተቆጠረም።

*ቆጠራው ዋጋ ያጣበት ቀን*

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ከዚያች ቀን በኋላ የጋይንት ገበሬ መሬት የሚያገኘው በገበሬ ማኅበር ነው፤ ዋና አባቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ለብዙ መሬት አልባ ሰው እፎይታ ነበር። ዕድሜ ልክ የሚፈጀው ሙግትም ቆመ። ግን ሰባት ቤትና ከዚያ በላይ በሁለቱም ወገን የሚቆጥረው ሽማግሌ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ልጁም ለምን ይማር? መሬት ለማያመጣ ቆጠራ ማን ጊዜ ያጠፋል? ከሁሉ ቀድሞ የተረሳው የእናቶች መስመር ነው፤ ምክንያቱም በስማችን ላይ የሚቀጥለው የአባት ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ "ቢሮክራት" እና "የፊውዳል ርዝራዥ" የሚል ምድብ መጣ። በቀደሙት መንግሥታት ሥልጣን ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች ይዞታቸው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ የተረፈው ለሌላ ተሰጠ። ትናንት "አባቴ ጭቃ ሹም ነበር" ማለት መሬት ያስገኝ ነበር። ያን ዓመት መሬት አሳጣ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያው ሐረግ ሀብትም ዕዳም ሆነ። ሐረጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንግሥት ነው።

*አሁንስ?*

አሁን ዘር ቆጠራ ተመልሷል፤ በሌላ መልክ። መሬት ለመጠየቅ ሳይሆን ሰውን ለመለየት። "ንጹሕ ዘር"፣ "እውነተኛ ልጅ"፣ "መጤ" የሚሉ ቃላት በየዕለቱ ይሰማሉ። ወደ ነገሥታት የሚቆጥር ሰው ግን በመንገዱ ላይ ማንን እንደሚያገኝ ቢያውቅ ቃላቱን ይመርጥ ነበር።

የጎንደሩ አፄ ኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ መሪ ልጅ ነበሩ። የኢዮአስ አያት እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ ናቸው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በጌምድርን የገዙት የየጁ ራሶች ሥራቸው ኦሮሞ ነው። የእነዚያው የራስ ጉግሣ ሐረግ ከሰሜን መሳፍንት ጋር ተጋብቶ እቴጌ ጣይቱን አስገኘ። የጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድርን ሲገዙ ቆይተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። ከጋይንት ተነሥቶ ወደ ዘውድ የሚቆጥር ሰው በግድ በወሎ፣ በየጁ፣ በቋራ፣ በሰሜን ያልፋል። ንጉሡን ተቀብሎ የንጉሡን እናት መተው አይቻልም።

ዘረመልም ለኩሩዎች አይመችም። ከአንድ ሰው አሥር ትውልድ በላይ ካሉት አያቶች ብዙዎቹ በዚያ ሰው ሰውነት ውስጥ ምንም የዘረመል አሻራ አይኖራቸውም። አንድ ሰው በእርግጥ ከፋሲል ሊወለድ፣ ከፋሲል "ደም" ግን አንዲት ጠብታ ላይኖረው ይችላል። ከንጉሡ ወደ እኛ የመጣው ታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ የሚቆየው የሚቆጥረው ሰው እስካለ ነው።

ስለዚህ አባትና እናት፣ አያትና ቅድመ አያት በሕይወት ያሏችሁ ጠይቁ። ዛሬ በታች ጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ 80ና 90 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በርስት ሙግት ዘመን ጎልማሳ የነበሩ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ስትጠይቁ ከላይ አትጀምሩ፤ ንጉሡ የትም አይሄድም፣ ሒሳቡ ያመጣዋል። ከእናታችሁ እናት ጀምሩ። የት ተወለደች? ከየት መጥታ ተዳረች? እናቷ ማን ትባል ነበር? ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከ254ቱ ሰባት ስም ያላችሁ፣ ስምንተኛውን ጨምሩ።